የመንጋጋው ልጓም

ቦርደዴም ይሁን ጭሮ፣ ጎንደርም ይሁን ይፋት፣ ልጇ በእንቅልፉ ጥርሱን ሲያፋጭ የሰማች እናት ምክንያቱን ፍለጋ ወደ ማንም አትሄድም። «ወስፋት ነው» ትላለች። የሚያፋጨው ትልቅ ሰው ከሆነ «ኮሶ ይዞታል» ይባላል። መድኃኒቱም ከጥንት የታወቀ ነበር፤ የኮሶ ዛፍ አበባ ተወቅጦ፣ በውኃ ተበጥብጦ፣ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ኮሶ ግን እንደ ዋዛ የሚጠጣ አልነበረም። ከልኩ ካለፈ ሰው ይጎዳል፣ ይገድላልም። ስለዚህ የሚሰጠው ሰው መጠኑን የሚያውቅ መሆን ነበረበት። መርዝ በልኩ ሲሰጥ መድኃኒት እንደሚሆን አያቶቻችን በኮሶ አውቀውታል።

ይህ ትረካ ስለ ሌላ መርዝና ስለ ሌላ ዓይነት የጥርስ ማፋጨት ነው። መኪና ተገልብጦበት ወይም ከከፍታ ወድቆ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው፣ ከሳምንታት ሰመመን በኋላ ዓይኑን ገልጦ፣ ገና ሰው ሳይለይ መንጋጋውን ቀንና ሌሊት ሲፈጭ ይታያል። ድምፁ ከበር ውጭ ይሰማል። ጥርሱ ይሸረፋል፣ ምላሱንና ከንፈሩን ይነክሳል፣ አስታማሚው ማንኪያ ቢያቀርብለት አፉ አይከፈትም። ይህ ወስፋት አይደለም፤ እልህም አይደለም። መፍትሔው እስኪገኝ ድረስ ግን መቶ ሰባ ዓመት ገደማ ፈጅቷል። (ዘመኖቹ «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው በ1820ዎቹ፣ አገራችን በዘመነ መሳፍንት ስትታመስ ነው። በዚያ ዘመን የኛ ኮሶ ፓሪስ ደርሶ በፈረንጅ ሐኪሞች ሲመረመር፣ በደቡብ ጀርመን በዉርተምበርግ ግዛት ዩስቲኑስ ኬርነር የሚባል ሐኪም ሌላ መርዝ ይከታተል ነበር። ኬርነር ገጣሚም ነው፤ አገሩ እስከ ዛሬ የሚያስታውሰው በሁለቱም ነው። በግዛቱ ገበሬዎች አጭሰው ያስቀመጡትን ቋሊማ በልተው ይሞቱ ነበር። አሟሟታቸውም ልዩ ነው። የዓይናቸው ቆብ ይወድቃል፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያቸዋል፣ አፋቸው ይደርቃል፣ መዋጥ ያቅታቸዋል፣ በመጨረሻም ትንፋሻቸው ይቆማል። አእምሯቸው ግን እስከ መጨረሻው አይደበዝዝም። ኬርነር በ1820 የ76፣ በ1822 ደግሞ የ155 ሕሙማንን ታሪክ አሳተመ። ከተበላሸ ቋሊማ ያወጣውን ጠብታ በገዛ ምላሱ ቀምሶ የሆነውንም ጻፈ። እኔ ይህን ሰው የማከብረው ግን ከዚያ ቀጥሎ ባለው ሐሳቡ ነው። መርዙ ነርቭ ለጡንቻ የሚያስተላልፈውን ትእዛዝ ያቋርጣል ካለ በኋላ፣ እንግዲያውስ በጥቂቱ ቢሰጥ ያለ ልክ የሚንቀሳቀስ አካልን ሊያበርድ ይችላል አለ። መርዙ ምን እንደ ሆነ ሳይታወቅ፣ ረቂቅ ተሕዋስ በሽታ እንደሚያመጣ ገና ሳይረጋገጥ ነው ይህን ያለው። ሐሳቡን የሚፈትን ሰው እስኪመጣ 150 ዓመት ቆየ።

ገጠር ያደገ ሰው «መንጋጋ ቆልፍ» የሚለውን ቃል ያውቃል። ዝገት የወጋው እግር ወይም በቆሸሸ ምላጭ የተቆረጠ የሕፃን እትብት ያመጣው ነበር። መንጋጋ ይቆለፋል፣ ወገብ እንደ ቀስት ይለጠጣል። የዚህን በሽታ ተሕዋስ ጃፓናዊው ኪታሳቶ በ1889 በርሊን ውስጥ ለይቶ አሳደገው። ነገሩን እዚህ የማነሣው የቋሊማው መርዝ ተሕዋስ የዚህ የቅርብ ዘመድ ስለ ሆነ ነው። ሁለቱም አየር የሌለበትን ቦታ ይመርጣሉ፤ ሁለቱም ነርቭን ይመርዛሉ። አንዱ ግን መንጋጋን ይቆልፋል፣ ሌላው ይፈታል።

ፈቺው የታወቀው በቤልጂየም ነው። ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር አምባ አላጌ ላይ ጣልያንን ድል መታ። ልክ በሳምንቱ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን፣ ኤለዜል በምትባል የቤልጂየም መንደር የቀብር ሥነ ሥርዓት ነበር። የመንደሩ ሙዚቀኞች ለቀስተኛውን በሙዚቃ ካጀቡ በኋላ ተቀምጠው በጨው የቆየ የአሳማ ሥጋ በሉ። ብዙዎቹ ታመሙ፤ ሦስቱ ሞቱ። የጌንት ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ኤሚል ቫን ኤርመንገም ከሥጋውና ከሟቾቹ አካል ተሕዋሱን አውጥቶ ግኝቱን በ1897 አሳተመ። ስሙንም ቋሊማ ከሚለው የላቲን ቃል ወስዶ «ቦቱሊኑስ» አለው።

በዚያው በ1897 ከጅቡቲ የባቡር ሐዲድ መዘርጋት ተጀመረ። ሐዲዱ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ በመካከላቸው ያለው የሚኤሶና የአሰቦት ቆላ ከዓለም ጋር ተገናኘ። በ1920ዎቹ ደግሞ ከቆላው በላይ፣ በጨርጨር ደጋ፣ ሩሲያ የተማሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አሰበ ተፈሪን ቆረቆሩ፤ የዛሬዋ ጭሮ ናት። እኚሁ ሰው በ1935 የኢትዮጵያን አቤቱታ ይዘው ጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆሙ። ዓመቱ ሳያልቅ የጣልያን አውሮፕላኖች የሰናፍጭ ጋዝ በሠራዊታችንና በገበሬው ላይ ማዝነብ ጀመሩ። መርዝ የጦር መሣሪያ እንዳይሆን የሚከለክለው ውል ከተፈረመ ገና አሥር ዓመቱ ነበር።

የቋሊማው መርዝም ወደዚያው መንገድ ገባ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1943፣ አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ ካምፕ ዴትሪክ የተባለ የጦር ምርምር ጣቢያ ከፈተች፤ ከተመራመረችባቸው መርዞች አንዱ ቦቱሊነም ነው። በዚያ የነበሩት ሳይንቲስቶች በ1946 መርዙን አጥርተው እንደ ጨው ደቃቅ ቅንጣት አወጡት። ዓላማው መግደል ነበር። ውጤቱ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በሚሊግራም ክፍልፋይ የሚመዘን፣ ልኩ የሚታወቅ መርዝ መገኘቱ ሆነ። ከሦስት ዓመት በኋላ ለንደን ውስጥ አርኖልድ በርገንና ባልደረቦቹ ኬርነር የጠረጠረውን አረጋገጡ። ነርቭ ጡንቻን «ተኮማተር» የሚለው አሴቲልኮሊን በሚባል መልእክተኛ ነው፤ መርዙ ይህ መልእክተኛ ከነርቩ ጫፍ እንዳይወጣ በሩን ይዘጋል። ጡንቻው አልሞተም፣ ነርቩም አልተቆረጠም። ትእዛዝ ብቻ ቀረ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ሰው አለን ስኮት ነው፤ የሳንፍራንሲስኮ የዓይን ሐኪም። ሸውራራ ዓይንን ያለ ቀዶ ሕክምና ለማቅናት፣ ከመጠን በላይ የሚጎትተውን የዓይን ጡንቻ ለጊዜው የሚያደክም ነገር ይፈልግ ነበር። መርዙን ያገኘው ከካምፕ ዴትሪክ ወጥቶ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ከገባው ከኤድዋርድ ሻንትዝ ነው። በ1973 በጦጣዎች ላይ ያየውን፣ በ1980 በሰዎች ላይ ያገኘውን ውጤት አሳተመ። ሻንትዝ በ1979 ያዘጋጀው አንድ ጥቅል 150 ሚሊግራም ነበር፤ የሻይ ማንኪያ ሩብ አይሞላም። ያ ጥቅል እስከ 1997 ድረስ ለሕክምና አገለገለ። በታኅሣሥ 1989 የአሜሪካ መንግሥት መድኃኒቱን ለሸውራራ ዓይንና ያለ ፈቃድ ለሚጨፈን የዓይን ቆብ ፈቀደ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ኩባንያ ገዝቶ «ቦቶክስ» አለው። ዛሬ ከተሜው ቦቶክስ ሲባል የፊት መጨማደድ ማጥፊያ ብቻ ይመስለዋል። ይህ ያሳዝነኛል፤ መድኃኒቱ የመጣው የታመመ ጡንቻን ለማሳረፍ ነውና።

የትረካችን ዋና ዓመት 1990 ነው። ሙዚቀኞቹ በሥጋው በታመሙባት አገር፣ በቤልጂየም፣ ቫን ዛንዲይከና ማርሾ የተባሉ ሐኪሞች አንጎሉ የተጎዳና ጥርሱን ክፉኛ የሚያፋጭ ሕመምተኛ ነበራቸው። መርዙን ወሰዱና በሚያኝኩት ጡንቻዎች ላይ፣ በድምሩ 100 ዩኒት (ዩኒት የመርዙ ኃይል መለኪያ ነው)፣ ወጉ። ማፋጨቱ በረደ። ይህን የጻፉት በእንግሊዝ የነርቭ ሕክምና መጽሔት ውስጥ እጅግ አጭር በሆነ ጽሑፍ ነው።

የሆነውን ለመረዳት አንባቢው እጁን ጉንጩ ላይ፣ ከጆሮው ፊት ዝቅ አድርጎ ያኑርና ጥርሱን ይግጠም። ከጣቱ ሥር የሚያብጠው ማሴተር የሚባለው ጡንቻ ነው። ጣቱን ከጆሮው በላይ ወደ ዓይኑ ጎን ያሻግርና እንደገና ይግጠም፤ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ የሚወጠረው ቴምፖራሊስ ይባላል። ጫት ለሰዓታት የሚቅም ሰው ማታ ላይ የሚደክመው በእነዚህ ነው። በሰውነታችን ውስጥ ከመጠናቸው አንጻር እንደ እነርሱ ብርቱ የሆነ ጥቂት ነው። የማኘክን ምት የሚያወጣው ክፍል ከታች በአንጎል ግንድ ውስጥ አለ። ላይኛው አንጎል ልጓሙን ይዞ «አሁን አኝክ፣ አሁን ተው» ይለዋል። አደጋ ላይኛውን ሲጎዳው ልጓሙ ይላላል። ፈረሱ ግን አልተጎዳም፤ ይሮጣል። የመንጋጋው ፍጭት ይህ ነው።

ከ1990 በፊት ሐኪሞች ምን ያደርጉ ነበር? ለጥርስ የፕላስቲክ መከለያ ይሠሩ ነበር፤ ራሱን የማያውቅ ሰው ግን ያኝከዋል ወይም ይተፋዋል። ጡንቻ የሚያላላ ኪኒን ይሰጡ ነበር፤ ኪኒኑ ግን መንጋጋውን ብቻ አይመርጥም። መንቃት የሚገባውን ሰው መልሶ ያስተኛዋል። መርፌው የተለየው በዚህ ነው። የሚያደክመው የተወጋውን ጡንቻ ነው፤ በልኩ ከተሰጠ የቀረውን አካልና አእምሮ አይነካም።

በዚሁ በ1990 አንድ ኢትዮጵያዊ ስምም በዓለም የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። የአገራችን የነርቭ ሕክምና አባት የሚባሉት ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በደምቢያና በፎገራ ስለ ጓያ ሽባነት ያጠኑትን አሳተሙ። ጓያ በድርቅ ዘመን ድሀን ከረሃብ የሚያወጣ እህል ነው፤ ሲደጋገም ግን እግርን የሚያደርቅና የሚያጠላልፍ መርዝ አለው። ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን ሳያቸው ይደንቀኛል። በአንዱ ከምግብ የወጣ መርዝ የኛን ገበሬ ጡንቻ ያገትራል፤ በሌላው ከምግብ የወጣ መርዝ የተገተረን ጡንቻ ያላላል። የኛዎቹ ሐኪሞች በጊዜው የመጀመሪያውን ከመመርመር አልፈው ሁለተኛውን ለመጠቀም አቅም አልነበራቸውም። በመላ አገሪቱ የነበሩት የነርቭ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

ቀጣዮቹ ዓመታት የቤልጂየሙ መርፌ የአንድ ጊዜ ዕድል እንዳልነበር አሳዩ። በ1997 አሜሪካዊቷ ሐኪም ሲንዲ አይቫንሆና ባልደረቦቿ ሌላ አንጎሉ የተጎዳ ሕመምተኛን በግራና በቀኝ ያሉትን አራቱንም የማኘኪያ ጡንቻዎች፣ እያንዳንዱን በ50 ዩኒት፣ ወግተው ተሳካላቸው። በ2000 ደግሞ ሂዩስተን ውስጥ ታንና ጃንኮቪች ለዓመታት ያከሟቸውን 18 ከባድ አፋጪዎች ታሪክ አወጡ። ሕመማቸው በአማካይ ወደ 15 ዓመት ገደማ የቆየ ነበር። የመርፌው ጥቅም በአማካይ 19 ሳምንት ቆየላቸው። ከ18ቱ አንዱ ለመዋጥ ተቸገረ።

ያ አንዱ ሰው ሊዘነጋ አይገባም። ኮሶ ልክ ይፈልግ እንደ ነበር ይህም ይፈልጋል። መርዙ ከተወጋበት ጡንቻ አልፎ ወደ ጉሮሮ ከዘለቀ፣ ቀድሞውኑ በደንብ የማይውጥ ሕመምተኛ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊሄድበት ይችላል። የአንዱ ኩባንያ ዩኒት ከሌላው ኩባንያ ዩኒት ጋር እኩል አይደለም። አብዛኛው የመድኃኒቱ ዓይነት በማቀዝቀዣ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ማስረጃውም ቢሆን አብዛኛው የተገነባው በጥቂት ሕሙማን ታሪክ ላይ ነው። በ2018 ኦንዶና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት፣ በእንቅልፍ ጥርሳቸውን የሚያፋጩ 23 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ከፊሎቹ መድኃኒቱን፣ ከፊሎቹ ባዶውን መርፌ ወሰዱ፤ መድኃኒቱን ያገኙት የተሻለ ውጤት አዩ። እነዚያ ግን አንጎላቸው ያልተጎዳ ሰዎች ናቸው። ይህን ሁሉ አውቄም መርፌው ለከባዱ ሕመምተኛ ይገባዋል እላለሁ። ጥርሱ በየቀኑ እየተሸረፈና ምላሱ እየቆሰለ ለሚገኝ ሰው ሌላው አማራጭ መጠበቅ ነው፤ መጠበቁም ዋጋ ያስከፍለዋል።

የኛ አገር ታሪክ የሚፈጥነው ከ2006 ጀምሮ ነው። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የነርቭ ሐኪሞችን፣ እንዲሁም ከኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። ከዚያ ወዲህ የሚመረቁት ወጣት ሐኪሞች ከአዲስ አበባ ውጭም መሥራት ጀምረዋል። ቀድሞ በመንገድ ላይ ይሞት የነበረው ተጎጂ ዛሬ ደሙ ከጭንቅላቱ ወጥቶለት ይተርፋል። መትረፉ ግን አዲስ ጥያቄ ወለደ፤ ከተረፈ በኋላስ? ጥርስ ማፋጨት የሚመጣው በዚህ «በኋላስ» ውስጥ ነው፤ ቀዶ ሐኪሙ ሥራውን ጨርሶ፣ አልጋው ለሌላ ተፈልጎ፣ ቤተሰቡ ሕመምተኛውን ተሸክሞ ወደ አገሩ ሲመለስ።

እንዲህ ያለው ጉዳት ከሚደርስባቸው መንገዶች አንዱ በዚያው በባቡሩ ቆላ ያልፋል። በ2016 በሚኤሶ በኩል ጅቡቲ የሚደርሰው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ። በአዋሽና በሚኤሶ መካከል ባለችው ቦርደዴ ግን ሰው የሚኖረው ከአስፋልቱ ጋር ነው። በዚያ ሞቃት ቆላ ውስጥ መንገዱ ይለጠጣል፤ ሾፌሩም ይፈጥናል። ከጨርጨር ደጋ ጫትና ቡና ጭኖ የሚወርደው፣ ሕዝቡ በፍጥነቱ «አልቃይዳ» ያለው አይሱዙ፣ ከምሥራቅ የሚመጣው የሕዝብ አውቶቡስ፣ ባጃጁ፣ ውኃ ፍለጋ መንገድ የሚሻገረው ከብትና እረኛው፣ ሁሉም በዚያው ጠባብ አስፋልት ይገናኛሉ።

እንበል አንድ የጭነት መኪና ረዳት እዚህ ቦታ ወደቀ። ራሱን ስቶ ወደ ጭሮ ወይም በአዋሽ በኩል ወደ አዳማ፣ ከዚያም «ሪፈር» ተብሎ አዲስ አበባ ይወሰዳል። ዕድል ከቀናው ይተርፋል። ከወራት በኋላ ወደ ቤቱ ሲመለስ እናቱ ሌሊቱን ሙሉ የጥርሱን ድምፅ ትሰማለች። አንዱ ጎረቤት «ወስፋት ነው» ይላል፤ ሌላው «መንፈስ ነው» ይላል። ማንኪያ ወይም እንጨት በጥርሱ መካከል የሚያስገባም አይጠፋም። እነዚህ ሰዎች ክፉ አይደሉም። ከኤለዜል እስከ ቦርደዴ ባለው መንገድ ላይ እውቀቱ አዲስ አበባ ደርሶ ስለ ቆመ ብቻ ነው።

ስለዚህ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ይህን አድርጉ። በጥርሱ መካከል ምንም ነገር በግድ አታስገቡ፤ ጥርስ ይሰብራል፣ ስብርባሪውም ወደ መተንፈሻው ይገባል። አፉ በሚላላበት ሰዓት ድዱንና ጥርሱን በለስላሳ ጨርቅ አጽዱ። መቼ እንደሚያፋጭ፣ ቀን ይሁን ሌሊት፣ ምን ሲያደርጉለት እንደሚብስ መዝግቡ፤ ስልክ ካላችሁ በቪዲዮ ቅረጹት። ከዚያ ለሐኪሙ አሳዩት። ሐኪሙ መጀመሪያ የተበላሸ ጥርስ፣ የማይታይ ሕመም፣ ወይም ማፋጨትን የሚያባብስ መድኃኒት እንዳለ ይመረምራል፤ አንዳንዱ ሕመምተኛ በዚህ ብቻ ይሻለዋል። ካልተሻለው የነርቭ ሐኪም እንዲያየው ጠይቁ፤ የመንጋጋ መርፌ መኖሩንም አንሡ። መርፌው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጀምራል፣ ሦስት ወር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይቆያል፣ ከዚያ መደገም ሊያስፈልገው ይችላል። የተጎዳውን አንጎል አያድንም። አንጎሉ በራሱ ጊዜ እስኪያገግም ድረስ ጥርሱን፣ ምላሱንና ምግቡን ይጠብቅለታል።

ለጤና ባለሙያዎችም አንድ ቃል አለኝ። ከጭንቅላት ጉዳት የተረፈን ሰው ከሆስፒታል ስታሰናብቱ ስለ ቁስሉና ስለ ኪኒኑ እንደምትነግሩት ሁሉ ስለ መንጋጋውም ለቤተሰቡ ንገሩ። የመድኃኒት ግዢ ዝርዝር የምታዘጋጁ ደግሞ ይህን መርፌ ከመዋቢያ ዕቃ አትቁጠሩት፤ ቢያንስ የነርቭ ሐኪምና ማቀዝቀዣ ባላቸው በምሥራቁ የአገሪቱ ትልልቅ ሆስፒታሎች ይግባ። የቦርደዴዋ እናት ልጇን ይዛ አዲስ አበባ ድረስ መመላለስ የለባትም።